ለሁለት ጌታ የሚገብር በር

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ መጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ሹራቡን ያወልቃል። ነጋዴ ባሕር የምትባለውን ቦታ ሲያልፍ ስሟ ብቻውን ይህ መንገድ የማን እንደነበረ ይነግረዋል። ገንዳ ውሃን ከተሻገረ በኋላ ደጋው ፈጽሞ ይረሳል፤ የዕጣን ዛፍ፣ የማሽላ ማሳ፣ የሰሊጥ ማሳ፣ ሙቀት። በመጨረሻም መንገዱ መተማ ዮሐንስ ከተማን ሰንጥቆ አንዲት ትንሽ ወንዝ አፋፍ ላይ ይደርሳል። ወንዝ ማለትም ማጋነን ነው። በበጋ አሸዋዋ የሚታይ፣ በክረምት ደራሽ የሚሞላት፣ ሱዳኖች «ኮር» የሚሏት ዓይነት ወራጅ ናት። ማዶዋ ጋላባት ይባላል። ከወዲህ ሆኖ የተጣራ ሰው ከማዶ ይሰማል።

በዚህች ወራጅ ላይ ባለው ድልድይ ግራና ቀኝ ሁለት ጉምሩክ፣ ሁለት የኢሚግሬሽን ቢሮ፣ ሁለት ባንዲራ አለ። ዘመን አቆጣጠሩም ሁለት ነው፤ በአንዱ በኩል 2015 ተብሎ የታተመ ወረቀት በሌላው በኩል 2023 ይሆናል። የቀን ሰዓቱም እንደዚሁ፦ ከወዲህ «ሦስት ሰዓት» የተባለው ቀጠሮ ከወዲያ ስምንት ነው። ደላሎቹ ግን ሁለቱንም ያውቃሉ። አማርኛና ዐረብኛ እያደባለቁ የሚያወሩ፣ ብርና የሱዳን ጊኒህ በአንድ ኪስ የሚይዙ ሰዎች ናቸው።

ይህ መሻገሪያ ከድንበሩ በዕድሜ ይበልጣል። ድንበሩ የተሰመረው በ1894 ዓ.ም. በተፈረመ ውል ነው፤ መሻገሪያው ግን ከዚያ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራ ቆይቷል። ያቆሙት ደግሞ ኢትዮጵያውያንም ሱዳናውያንም ሳይሆኑ ተክሩሪዎች ነበሩ።

ተክሩሪ ማለት ከዳርፉርና ከዚያም አልፎ ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ የሚጓዝ ሐጃጅ ነው። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ሲሄዱም ሲመለሱም እዚህ ማረፍ የለመዱ ተክሩሪዎች ቦታው ስለተስማማቸው ከጎንደር ንጉሥ ፈቃድ ጠይቀው ሰፈሩበት። ጥጥ ያለሙ፣ ማር ይቆርጡ፣ መንገደኛ ያስተናግዱ ጀመር። ወገናቸው ከማንኛቸውም ጎረቤት ስላልሆነ ለሁለቱም ጎረቤት የሚመቹ ገለልተኞች ሆኑ። ከሁሉም የሚገርመው ግን ግብራቸው ነው፤ ለሐበሻው ንጉሥም በሱዳን ላሉት «ቱርኮች» (የግብጽን ገዥዎች በዘመኑ አማርኛ እንዲህ ነበር የሚሏቸው) ጭምር ይገብሩ ነበር። ለሁለት ጌታ መገበር ውርደት ሊመስል ይችላል። ለገበያ ሰው ግን ከዘረፋ የረከሰ ዋጋ ነው፤ ሁለቱም ጌቶች ገበያውን ሲያጠፉት የሚያጡት ነገር እንዲኖራቸው ያደርጋል።

በ1854 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር የአባይን ገባሮች ሲያስስ በጋላባት አለፈ፤ ያየውንም በኋላ በመጽሐፉ ጻፈ። ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት እንግዳ መጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን እንዲያስፈታ በእንግሊዝ መንግሥት የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም፣ ከዶክተር ሄንሪ ብላንክና ከሌተናንት ፕሪዶ ጋር በኅዳር 1858 መተማ ደረሰ። የንጉሡን መልስ እየጠበቀ ከአንድ ወር በላይ እዚያው ተቀመጠ። መልሱ መጣ፤ መልእክተኞቹም ወደ ውስጥ ገቡ። ሊያስፈቱ የሄዱት ሰዎች ራሳቸው ታስረው መቅደላ ላይ እስኪፈቱ ድረስ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ አለፈ። የመሻገሪያውን ታሪክ ለሚከታተል ሰው ግን ከራሳም ዕጣ ይልቅ ያ የአንድ ወር ጥበቃ ያስተምራል። መተማ ማለት የሚጠበቅባት ቦታ ናት፤ ግመል ተራግፎ በቅሎ የሚጫንባት፣ ወሬ የሚሰማባት፣ «ይለፍ» እስኪባል የሚታደርባት። ዛሬም ቢሆን ከዚህ የተለየ ሥራ የላትም።

በገበያዋ የሚሸጠው ቡና፣ ሰም፣ ቆዳና ጥጥ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ ኢትዮጵያ ተነድተው የመጡ ባሮች በዚህ በር ወደ ሱዳን ይሻገሩ ነበር፤ የባሪያ ገበያው የተዘጋው በ1866 ዓ.ም. ገደማ፣ የግብጽ ጦር ከተማዋን ይዞ ከሰፈረ በኋላ ነው። የሲራራ ነጋዴን ዘመን በናፍቆት የሚያወሩ ሰዎች ይህን ገጽ ገልጠው ያልፉታል። መተማ ግን ከሀብቷ ጥቂት የማይባለውን ያገኘችው ከዚያ ነው።

የግብጽ ጦር መስፈር የሁለት ጌታውን ሥርዓት አናጋው፤ በሱዳን የማህዲ ጦር መነሣት ደግሞ አፈረሰው። ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዙ አድሚራል ሄወት ጋር አድዋ ላይ በተፈራረሙት ውል፣ በሱዳን የተከበቡ የግብጽ ጦር ሠራዊቶች በኢትዮጵያ በኩል ወጥተው ወደ ምጽዋ እንዲያልፉ ተስማሙ። የጋላባቱም ጦር በኢትዮጵያውያን እርዳታ ወጣ። ደርቡሾችም፣ ማለትም የማህዲ ተዋጊዎች፣ ይህን አልረሱም። ከተማዋን ዘረፏት፤ ያዟትም። በጥር 1879 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘምተው መተማን መቱ። በዓመቱ በጥር 1880 አቡ አንጃ የተባለው የደርቡሽ አዛዥ አጸፋውን ይዞ መጣ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሣር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን ዘረፈ፣ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠለ።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው መተማ ደረሱ። ደርቡሾች በእሾህ አጥር፣ በዘሪባ፣ ተከልለው ጠበቋቸው። አቡ አንጃ ጥቂት ቀደም ብሎ ስለሞተ አዛዡ ዘኪ ቱማል ነበር። የኢትዮጵያ ጦር አጥሩን ጥሶ ገብቶ ድሉ በእጁ ሊገባ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ። ወሬው ሲሰማ ሠራዊቱ ተፈታ፤ ዮሐንስም በማግስቱ ሞቱ። አስከሬናቸውን ይዞ የሚያፈገፍገው ጓድ አትባራ ወንዝ አጠገብ በደርቡሾች ተደረሰበትና ራሳቸው ተቆርጦ የማህዲ ተተኪ ወደ ነበረው ኸሊፋ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። የከተማዋ ስም ከዚያ በኋላ መተማ ዮሐንስ ሆነ። በውጊያ የሞተ የአገር መሪን ስም ከጉምሩክ ማኅተም ጋር አጣምሮ የያዘ ኬላ በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም።

እዚህ ላይ የብዙ አንባቢን እግር የምታደናቅፍ ስም አለች። ሱዳን ውስጥ፣ ከሸንዲ ማዶ በአባይ ዳር፣ ሌላ መተማ አለች። በ1877 ዓ.ም. ጄኔራል ጎርደንን ከካርቱም ሊያድን የተላከው የእንግሊዝ ጦር በረሃ አቋርጦ ያመራው ወደዚያችኛዋ ነው። ዘመኑ ተቀራራቢ፣ ጠላቱም አንድ ስለሆነ በውጭ መጻሕፍት ማውጫ ውስጥ ሁለቱ መተማዎች ሲምታቱ ማየት የተለመደ ነው።

ደርቡሾች በ1890 ዓ.ም. መጨረሻ ኦምዱርማን ላይ ከተሸነፉ በኋላ የእንግሊዝና የግብጽ ጦር ከገዳሪፍ ተነሥቶ ጋላባት ሲገባ ምሽጉ ባዶ አልነበረም፤ የምኒልክ ሰዎች ይዘውት ጠበቁት። መዋጋት የፈለገ አልነበረም። የተገኘው መላ ከአሮጌው የተክሩሪ ዘዴ የራቀ አይደለም። ጋላባት ለሱዳን ይሁን፣ ከሚሰበሰበው ቀረጥ ግን ግማሹ ለኢትዮጵያ ይሁን ተባለ። ገባሩ ቀርቶ ቀረጥ ሰብሳቢው ሁለት ጌታ ያዘ ማለት ነው። ቃላቱም ራሳቸው የሁለት ቤት ልጆች ናቸው፦ ኬላ የሚለው የአገሬው ነው፤ ጉምሩክ የሚለው ከቱርክ ቋንቋ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው። ነጋድራስ የሚለውን ማዕረግ የተሸከሙት የዘመኑ ሹማምንትም የነጋዴ አለቃና የቀረጥ ሰብሳቢ በአንድ ላይ ነበሩ።

የድንበሩ ውል ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዙ መልእክተኛ በጆን ሃሪንግተን ስም አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። ውሉ ሲወሳ ሁሌ የሚነሣው በአባይና በጣና ላይ ስለሚሠራ ሥራ የተጻፈው አንቀጽ ነው፤ ጋላባት ግን በመስመሩ ላይ በስም ከተጠሩት ጥቂት ቦታዎች አንዷ ነበረች። በ1895 ዓ.ም. ሻለቃ ቻርልስ ጉዊን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በመሬቱ ላይ ምልክት አቆመ። ችግሩ ብቻውን ማቆሙ ነው። የኢትዮጵያ ተወካይ በሥራው ላይ ስላልነበረ፣ ከመተማ በስተሰሜን ያለው ለም ሜዳ የማን እንደሆነ የተነሣው ክርክር ከጉዊን ድንጋይ ክምር ጋር ተወልዶ እስከ ዛሬ አልሞተም። ሁለቱ መንግሥታት ሐምሌ 11 ቀን 1964 ዓ.ም. ደብዳቤ ተለዋውጠው የጉዊንን መስመር እንደ መነሻ ተቀበሉ፤ ድንጋዩን እንደገና መትከሉ ግን ከወረቀት አልወረደም። የአልፋሽቃ ውዝግብ የሚባለው የዚህ ውዝፍ ነው።

በፋሺስት ወረራ ዘመን መተማ የጣልያን ምሽግ ሆነች። ጣልያን ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ወራጇን ተሻግሮ ጋላባትን ያዘ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ብርጋዴር ዊልያም ስሊም አሥረኛውን የሕንድ እግረኛ ብርጌድና ደርዘን ታንኮች ይዞ ሊያስመልሳት መጣ። ጋላባትን በጠዋት ያዘ። ታንኮቹ ግን ድንጋያማው መሬትና ፈንጂ በሰንሰለታቸው ላይ ተባብሮባቸው አብዛኞቹ ቆሙ፤ የጣልያን አውሮፕላኖችም ሰማዩን ያዙ። ስሊም ከመተማ በፊት ባለችው በዚያች እፍኝ በማትሞላ ወራጅ ተገትቶ ከሁለት ቀን በኋላ አፈገፈገ። ይህ ሰው በኋላ በበርማ ጦር ሜዳ ጃፓኖችን ያሸነፈው ታላቁ ጄኔራል ነው፤ በትዝታ መጽሐፉ ግን ጋላባት ላይ ያኔ ደፍሮ መግፋት ሲገባው ጥንቃቄን መምረጡን ራሱ አምኖ ጽፏል። ጣልያኖች በጥር 1933 መጨረሻ መተማን ጥለዋት ወጡ።

ከነጻነት በኋላ ያሉት ዓመታት ለወሬ አይመቹም፤ በአንድ ነገር ብቻ ይለያሉ። ኢትዮጵያ ተሽከርካሪ በቀኝ በኩል እንዲነዳ በ1956 ዓ.ም. ስትወስን ሱዳን በእንግሊዝ ደንብ በግራ መንዳቷን ቀጠለች፤ ወደ ቀኝ የዞረችው በ1965 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ይህችን ወራጅ የሚሻገር ሹፌር ሁሉ መሐል ላይ መንገድ መቀየር ነበረበት። መኪና ጥቂት፣ መንገዱም ከጋሪ መንገድ ያልተሻለ ስለነበር ግን ብዙ ግጭት አልፈጠረም ማለት ይቻላል።

የመሻገሪያውን ሥራ የለወጠው የእግረኛው ብዛት ነው። ከደርግ ዘመን ጀምሮ በዚህ አቅጣጫ የሚያልፈው ከነጋዴ ይልቅ ስደተኛ ሆነ። በ1970ዎቹ ከጎንደር ገጠሮች የወጡ ቤተ እስራኤሎች ሌሊት እየተጓዙ ቀን እየተደበቁ ወደ ሱዳን ሲሻገሩ መተማና ሁመራ ዙሪያ ያለው ቆላ የመንገዳቸው ክፉ ክፍል ነበር። የደረሱት በገዳሪፍ አካባቢ ባለው ኡም ራኩባ መጠለያና በሌሎችም ተጠለሉ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» 8,000 ያህሉ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በመጠለያ ያለቁት 4,000 ገደማ እንደሆኑ ይነገራል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ ቆሟል። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖች ዛሬም ሱዳን ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚያስቡት ካርቱምን ሳይሆን ይህንን ቆላ ነው።

በዚያው ዘመን ማዶ ሌላ ነገር ሆነ። ፕሬዚዳንት ኒሜሪ በ1975 ዓ.ም. መጨረሻ የሸሪዓ ሕግ ሲያውጁ አልኮል በሱዳን ተከለከለ። መተማም የሁለት ጌታ ትምህርቷን ገልጣ አነበበችው። ማዶ የተከለከለው ወዲህ ይሸጣል። ቢራ ቤትና ማደሪያ በወራጇ አፋፍ ተደረደረ፤ ከገዳሪፍና ከዚያም ከራቀ ቦታ ለዓርብ ዕረፍት የሚመጡ ሱዳናውያን ደንበኞች ሆኑ። ይህን ገበያ ለመሙላት ከደጋ የወረዱ ወጣት ሴቶች ሕይወት ግን ለጨዋታ የሚመች ታሪክ አልነበረም። ከዚያ አልፈው ካርቱምና ገዳሪፍ ሻይ ቤት የከፈቱም አሉ።

ትልቁ ትርፍ ግን በሰሊጥ መጣ። የመተማ ጥቁር አፈር ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይወዳል። በአረምና በአጨዳ ወቅት ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ ብዙ ሺህ የቀን ሠራተኞች ይወርዳሉ። ወቅቱ ሲያልቅ ከሚመለሱት ሌላ ቆላውን ቤታቸው አድርገው የሚቀሩ አሉ፤ በአካባቢው «ሳሉግ» ይሏቸዋል። ሁሉንም የሚያገኛቸው ወባና ካላዛር ነው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዚያው በሚሰነጣጠቀው ጥቁር መሬት ውስጥ ትራባለች፤ በሽታውን የማያውቀው ደገኛ ደግሞ ሜዳ ላይ ያለ አጎበር ይተኛላታል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ በሽታ የሕክምናና የምርምር ማዕከል መክፈቱ ከመሻገሪያው ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ መንግሥታቱ በሩን አስፋፉት። ኢትዮጵያ የአሰብን ወደብ ካጣች በኋላ ሌሎች መውጫዎችን ትፈልግ ነበር፤ ፖርት ሱዳንም ከነዚህ አንዱ ነው። በ1995 ዓ.ም. ከሱዳን ነዳጅ መግዛት ጀመረች፤ ቦቴዎች በመተማ በኩል ወደ ጎንደር ይወጡ ጀመር። አስፋልት ተዘረጋ። ከኢትዮጵያ ባቄላ፣ ቡና፣ ቅመማ ቅመምና ከብት ወጣ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ከጎንደር ወደ ገዳሪፍ የተዘረጋው የ230 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር በይፋ ተመረቀ። የዚህ መስመር ገመድ በዚያች ወራጅ ላይ ሲያልፍ ምንም ቪዛ አይጠየቅም። ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን በብስክሌት የሚጓዙ የ«ቱር ዳፍሪክ» ተወዳዳሪዎችም በዚህ በር አልፈዋል፤ ከሱዳን በረሃ በኋላ የመጀመሪያውን ቢራ የሚጠጡት እዚህ ስለነበረ በትዝታዎቻቸው ውስጥ መተማ ከስፋቷ በላይ ቦታ ይዛለች።

በዚያው ጊዜ በሌላ መልክ ትርፍ የሚፈልጉም በዙ። መተማ ወደ ሊቢያና ወደ አውሮፓ በሚያቀናው የስደት መንገድ ላይ የደላላ ከተማ ሆነች። ከአዲስ አበባ፣ ከወሎ፣ ከኤርትራም የመጡ ወጣቶች በሌሊት በበረሃው ጎን ይሻገሩ ነበር፤ ዋናው ድልድይ ላይ ግን ፈታሹ ሻንጣ ይፈትሽ ነበር። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በከተማዋ ጣቢያ ከፍቶ ምክር ይሰጥ፣ የሚያልፉትንም ይቆጥር ነበር።

በኋለኞቹ ዓመታት የበሩ መዘጋት ተለመደ። በሐምሌ 2013 ሱዳን አንድ መኮንኗ ጠፋ ብላ ድንበሯን ዘጋች። በዚያው ወር በኢትዮጵያ በኩል ከነበረው ግጭት የሸሹ ሦስት ሺህ የሚሆኑ የቅማንት ተወላጆች ወደ ገዳሪፍ ግዛት ተሻግረው ነበር። በሰኔ 2014 ደግሞ የሱዳን ጦር «ወታደሮቼ ተገደሉብኝ» ብሎ በድጋሚ ዘጋው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሐምሌ ተከፈተ። በተዘጋ ቁጥር የሽንኩርቱና የሰሊጡ ዋጋ በሁለቱም ዳር ይናጋል፤ የግመል መንገዱ ግን አይዘጋም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ በሩ አቅጣጫውን ገለበጠ። ለዓመታት ሰው ወደ ማዶ ይሄድበት የነበረው ድልድይ ከማዶ በሚመጡ ሰዎች ተሞላ። ሱዳናውያን፣ ካርቱም የከረሙ ኤርትራውያን ስደተኞች፣ የቱርክ ነጋዴዎች፣ በሱዳን የተማሩ ሶማሌዎች፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ60 በላይ የሆኑ አገሮች ዜጎች ተመዘገቡ። ብዙዎቹ ግን ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በአንድ ወቅት ሌሊት በዚያው በረሃ ጎን የሸሹ ሰዎች አሁን በቀን፣ በድልድዩ ላይ፣ ማንነታቸውን ተናግረው ተመለሱ። ሱዳናውያኑን ኩመርና አውላላ በተባሉ መጠለያዎች አሰፈሯቸው። በኩመር የኮሌራ ወረርሽኝ ገባ። ዝርፊያና ጥቃት ሲበረታባቸው በሚያዝያ 2016 መጨረሻ ብዙዎች መጠለያዎቹን ጥለው በመንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ፤ ከጊዜ በኋላ አፍጥጥ የተባለ ሌላ ቦታ ተከፈተ።

በነሐሴ 2016 መጨረሻ በመተማ ዮሐንስ ራሷ ውጊያ ተነሣ፤ ታጣቂዎች ከተማዋን ያዙ። የሱዳን ባለሥልጣናትም ጋላባት ላይ ያለውን በር ዘጉ። በዚያ ሰሞን ከካርቱም ሸሽተው ወራጇን ለመሻገር የደረሱ ሰዎች ከኋላቸው አንድ ጦርነት፣ ከፊታቸው ሌላ ጦርነት ነበራቸው፤ የሚጠብቁትም እንደ ራሳም ጓዶች የንጉሥን መልስ ሳይሆን፣ የበሩን መከፈት ነበር።